ወንበር የሚገዛበት ጨዋታ

ስለ ፖለቲካ የሚጽፍ ሰው ስለ ካርታ ጨዋታ ብዕሩን ማንሣቱ አንዳንድ አንባቢዎቼን ሳያስገርም አይቀርም። «አገር በዚህ ሁኔታ ላይ እያለች የዚህ ሰው ወሬ ስለ ስልክ ቁማር ሆነ?» የሚለኝ ይኖራል። አልፈርድበትም። ይሁን እንጂ ከዚህ በታች የማወጋችሁ ነገር ቤቴ ድረስ የገባ፣ የእህቴን ማሳ የነካ፣ በመጨረሻም እኔኑ ከገዛ ቃሌ ጋር ያጣላኝ ጉዳይ ነው። ደግሞም ነገሩን ባሰብኩት ቁጥር ከፖለቲካችን የራቀ ሆኖ አላገኘሁትም። ስለዚህ እንደ ወትሮው በትዕግሥት ተከተሉኝ።

የእህቴ ልጅ በመስከረም 2015 ዓ.ም. ከዳባት ወደ ጎንደር መጥቶ እኔ ዘንድ ተቀመጠ። ሒሳብ አያያዝ ሊማር ነው። ዳባትን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ ነፋሷ አጥንት የሚሰብር፣ ገብስና ባቄላ አብቃይ ደጋ ናት። ልጁ በዚያ አገር በካርታ ጨዋታ ስሙ የታወቀ ነበር። ኮንከር ሲጫወት የተጣለውን ካርታ ሁሉ በቃሉ ይይዛል። ጨዋታው ተጋምሶ ሳለ የጎረቤቱን እጅ ሊነግረው ይችላል። እናቱ «ይህን ጭንቅላት ለትምህርት ባዋለው» እያለች ስትማረር፣ እኔ ግን ሰውረው እኮራበት ነበር።

እነርሱ ዘንድ ካርታ የሚጫወቱት በክብሪት እንጨት ነው። ለእያንዳንዱ ተጫዋች 20፣ 20 እንጨት ይታደላል። እንጨቱ ያለቀበት ይነሣና እሳት ይቆሰቁሳል፣ ውኃ ይቀዳል፣ ቦታውን ለሌላው ይለቅቃል። «ቆይ፣ ከሱቅ ሌላ ክብሪት ገዝቼ ልምጣ» የሚል ሰው የለም። ቢኖርም ሳቅ በሳቅ ሆነው ያባርሩታል እንጂ አያጫውቱትም። ይህችን የክብሪት ነገር ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

በዚያው ዓመት ጥር ላይ፣ የጥምቀት እንግዶች ከተማውን በለቀቁ ማግስት፣ ልጁ ስልኩን ይዞ መጣና «አጎቴ፣ ይህን ተመልከት» አለኝ። በስልኩ ላይ አረንጓዴ ጠረጴዛ ይታያል። በዙሪያው የማናውቃቸው ሰዎች ምስል አለ። አንዱ ከብራዚል፣ አንዱ ከቱርክ፣ አንዱ ከአሜሪካ። ጨዋታው ፖከር ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ካርታ በእጁ ይሰጠዋል፤ አምስት ካርታ ደግሞ በጠረጴዛው ላይ ለሁሉም ይገለጣል። ከሰባቱ ምርጥ አምስቱን ይዞ የበለጠ እጅ ያለው ያሸንፋል። የጨዋታው ነፍስ ግን ካርታው ብቻ አይደለም። ባዶ እጅን ይዞ መፎከር፣ ጥሩ እጅን ይዞ ድምፅን ማጥፋት፣ የሌላውን ልብ ማንበብ ነው። ለመወራረድ የሚያገለግለው ቺፕ የሚሉት የሐሰት ገንዘብ ሲሆን፣ ጨዋታውን የሚጀምር ሁሉ መነሻ ቺፕ በነፃ ይታደለዋል። በየጥቂት ሰዓቱም መጠነኛ ስጦታ ይጨመርለታል።

«ታዲያ የሐሰት ገንዘብ ከሆነ ምን ችግር አለው?» ትሉ ይሆናል። እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው። ገንዘቡ የሐሰት ይሁን እንጂ መደብሩ ግን እውነተኛ ነው። ቺፕ ያለቀበት ሰው በእውነተኛ ገንዘብ ቺፕ መግዛት ይችላል። የገዛውን ወይም ያሸነፈውን ቺፕ ግን መልሶ ወደ ገንዘብ የሚለውጥበት መስኮት የለም። ገንዘብ ይገባል እንጂ አይወጣም። ከቁማር ቤት የሚለየው በዚህ ነው። የቁማር ቤት ቢያንስ አንድ ቀን አሸንፈህ ኪስህን ሞልተህ ልትወጣ እንደምትችል ተስፋ ይሰጥሃል። ይኸኛው ተስፋውንም ቀንሶታል፤ የምትገዛው ተቀምጦ የመቆየትን መብት ብቻ ነው።

ልጁ ሁኔታውን እንዲህ ሲል አስረዳኝ። ጠረጴዛዎቹ በደረጃ የተከፋፈሉ ናቸው። በታችኛው ጠረጴዛ ላይ ሁሉም ሰው በነፃ ያገኘውን ቺፕ ስለሚጫወት ማንም ማጣትን አይፈራም። ካርታውን እንኳ ሳያይ ያለውን ሁሉ የሚገፋ ብዙ ነው። ማጣት የማይፈራን ሰው ደግሞ በፉከራ ማስፈራራት አይቻልም። ስለዚህ ብልኀት እዚያ ታች ዋጋ የላትም፤ ዕጣ ብቻ ናት የምትፈርደው። ብልኀት ዋጋ የምታገኘው ሰዎች ለቺፓቸው በሚሳሱበት በላይኛው ጠረጴዛ ላይ ነው። እዚያ ለመቀመጥ ግን ብዙ ቺፕ ያስፈልጋል። በነፃው ስጦታ እዚያ ለመድረስ ወራት ይፈጃል፤ የሚገዛ ሰው በአንድ ደቂቃ ይደርሳል። ደግሞም የተጫዋቾች ማዕረግ በያዙት የቺፕ ብዛት ሲነገር፣ ያ ቺፕ በጭንቅላት የተገኘ ይሁን በኪስ የሚለይ ምልክት የለም።

«እኔ እኮ በችሎታ አላነስኩም አጎቴ፤ መነሻ ነው ያጣሁት» አለኝ።

ይህ ቃል ልቤን ነካው። የእኛ ትውልድም ሆነ ከእኛ በፊት የነበረው ሲል የኖረው ይህንኑ አይደለምን? ችሎታ ሳያንሰን መነሻ አጣን፤ ወንበሩ ተያዘብን። ስለዚህ ኪሴን ዳሰስኩና 200 ብር ሰጠሁት። ውድ አንባቢዎቼ፣ ይህን የምጽፈው ሌላውን ልወቅስ እንዳልሆነ ከዚህ ትረዱልኝ ዘንድ ነው። የመጀመሪያዋን ቺፕ የገዛሁለት እኔ ነኝ።

የአገዛዙም ሁኔታ ራሱን የቻለ ትምህርት ነበረው። ዶላር የሚከፍል የባንክ ካርድ በእጃችን ስለሌለ ልጁ ቺፕ የሚገዛው ከደላላ ነው። ደላላው ቺፑን በብር ይሸጣል፤ ክፍያውን በስልክ ገንዘብ ይቀበላል። ግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ በአንድ ጣት ንክኪ የሚያልፍ ሆኗል። ለስንቱ በጎ ነገር እንደጠቀመ ሁሉ ለዚህም ይመቻል። ታዲያ ደላላው ቺፑን የሚያስረክበው እንዴት መሰላችሁ? ሁለቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጡና ደላላው ሆን ብሎ ይሸነፋል። ብዙ ቺፕ ይገፋል፤ ቀጥሎ ካርታውን ይጥላል። ልጁ «አሸነፈ» ተብሎ ይጻፍለታል። ያን ማታ የእህቴ ልጅ በላይኛው ጠረጴዛ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ አሸነፈ። ድሉን የገዛንለት እኛው ነን። እኔም አጠገቡ ቁጭ ብዬ አጨበጨብኩ።

እዚህ ላይ ጥቂት ሒሳብ ፍቀዱልኝ። ፋሲል በጎንደር ነግሦ ሳለ፣ በ1650ዎቹ እ.ኤ.አ. መሆኑ ነው፣ ፓስካልና ፈርማ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ስለ ዕድል ጨዋታ ደብዳቤ ይጻጻፉ ነበር። ከዚያ ዘመን ከወጡት ጥያቄዎች አንዱ የቁማርተኛው ክስረት ይባላል። ሁለት ሰዎች በእኩል ዕድል አንድ አንድ ብር እያስያዙ አንደኛቸው ባዶ እስኪቀር ቢጫወቱ ማን ይከስራል? መልሱ ቀላልና ጨካኝ ነው። አንዱ 1 ብር፣ ሌላው 9 ብር ይዞ ቢጀምር፣ ጨዋታው ፍጹም ፍትሐዊ ቢሆን እንኳ፣ ባለ አንድ ብሩ ከ10 ጊዜ 9ኙን ባዶ እጁን ይነሣል። ማንም አላጭበረበረውም። የያዘው ማነሱ ብቻ ነው የጣለው።

«ችሎታ ካለውስ?» ትሉ ይሆናል። እንቁጠረው። ባለ አንድ ብሩ ከባላጋራው የበለጠ ጎበዝ ነው እንበል፤ ከ100 ጨዋታ 52ቱን ያሸንፋል። 1 ብር ይዞ ባለ 9 ብሩን ለማራቆት ያለው ዕድል 14 ከመቶ ገደማ ብቻ ነው። ያው ጎበዝ በ10 ብር ጀምሮ ባለ 90 ብሩን ቢገጥምስ? ንጽጽሩ ያው አንድ ለዘጠኝ ሆኖ ሳለ፣ ዕድሉ ወደ 55 ከመቶ ይወጣል። ለምን ቢሉ፣ ችሎታ የሚታየው በብዙ ጨዋታ ውስጥ ነው፤ ብዙ ጨዋታ ለመጫወት ደግሞ መቆየት ያስፈልጋል። ባላጋራው ባለቀበት ቁጥር መልሶ የሚገዛ ከሆነ ግን ነገሩ ይከፋል። ያን ጊዜ ባለ አንድ ብሩ ጎበዝ ሳይራቆት የመቆየት ዕድሉ ከ8 ከመቶ በታች ነው፤ ባላጋራውን ጨርሶ የማስነሣት ዕድሉ ደግሞ የለም። የማያልቅበትን ሰው ማን ያስነሣዋል?

ለእውነት ሲባል አንድ ነገር መጨመር አለብኝ። በፖከር ሕግ ሀብታሙ ድኻውን በአንድ እጅ ጨዋታ በገንዘብ ብዛት አያባርረውም። ያለህን ሁሉ ካስያዝክ በያዝከው ልክ እስከ መጨረሻው ትወዳደራለህ፤ ከያዝከው በላይም አይወሰድብህም። ሕጉ በዚህ ረገድ ደግ ነው። የገንዘብ ኃይል የሚታየው በአንዱ እጅ ውስጥ ሳይሆን በሚቀጥለው ነው። አንዱ ተሸንፎ ይመለሳል፣ ሌላው ተሸንፎ ይቀራል። የክብሪቱን ነገር ልብ በሉልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ዳባት ያሉት ጎረምሶች ይህን ሒሳብ ሳይማሩት አውቀውታል፤ ሁለተኛ ክብሪት የከለከሉት ወደው አይደለም።

ይህ የንግድ ዘዴ ከየት መጣ ለሚል አጭር ታሪክ ልንገራችሁ። ዚንጋ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የፖከር ጨዋታውን በፌስቡክ ላይ ያቀረበው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው። አፕል በስልክ ጨዋታ ውስጥ ግዢ እንዲፈጸም የፈቀደው በ2009 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ከየግዢው 30 ከመቶ ለራሱ ያስቀር ነበር። ከዚያ ወዲህ ጨዋታውን በነፃ ሰጥቶ በውስጡ መሸጥ ዋነኛ ሥርዓት ሆነ። በእነዚህ ጨዋታዎች አብዛኛው ተጫዋች አንዲት ሳንቲም አይከፍልም። ገቢው የሚመጣው ከጥቂቶች ነው። እነዚያን አብዝተው የሚከፍሉትን በንግዱ ቋንቋ «ዓሣ ነባሪ» ይሏቸዋል። ታዲያ የማይከፍለው ብዙ ሕዝብ ለምን ተፈለገ? ዓሣ ነባሪው የሚዋኝበት ባሕር እንዲሆን ነው። ባዶ ጠረጴዛ ላይ ብቻውን የሚነግሥ ንጉሥ የለምና፣ የሚሸነፍለት ሰው ያስፈልገዋል። የእህቴ ልጅ ራሱን ተወዳዳሪ አድርጎ ያስብ ነበር። ለካስ የመድረኩ ዕቃ ኖሯል።

ነገሩ ፍርድ ቤትም ደርሷል። በመጋቢት 2018 እ.ኤ.አ. አንድ የአሜሪካ የይግባኝ ፍርድ ቤት በቸርችል ዳውንስ ኩባንያ ላይ በቀረበ ክስ፣ ወደ ገንዘብ የማይለወጠው ቺፕ በዋሽንግተን ግዛት ሕግ መሠረት «ዋጋ ያለው ነገር» ነው ሲል ወሰነ። ምክንያቱም ቺፕ ከሌለ ጨዋታው አይቀጥልም፤ ስለዚህ ቺፑ የመጫወትን ጊዜ ያራዝማል፤ ይህም ዋጋ ነው። ጉዳዩ በኋላ በስምምነት ሲያልቅ ኩባንያዎቹ 155 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ። በዚያው በ2018 እ.ኤ.አ. ቤልጂየም በጨዋታ ውስጥ የሚሸጡ የዕጣ ሳጥኖችን ቁማር ናቸው ብላ ከለከለች። እኛ ዘንድ ብሔራዊ ሎተሪ በ1961 እ.ኤ.አ. በወጣ አዋጅ ከተቋቋመ ጀምሮ የምናውቀው ዕጣ ትኬቱ የሚታይ፣ ሻጩ በመንገድ የሚጮህ፣ ቀኑ የተቆረጠ ነው። በየከተማው የተስፋፋው የስፖርት ውርርድ ቤት እንኳ በርና ምልክት አለው፤ እናት ልጇን ከደጃፉ ልትጎትት ትችላለች። በስልክ ውስጥ ያለው ቤት ግን ደጃፍ የለውም።

ወደ ቤቴ ልመለስ። በ2015 ዓ.ም. የክረምት መግቢያ በክልላችን የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ማዳበሪያ ጠፍቶ ገበሬው የዘር ወቅት ሊያልፍበት ሲል ወደ ከተማ እየወጣ አቤት ያለበት ጊዜ ነበር። እህቴም ሰኔ ላይ ሁለት በግ ሸጠችና 8,000 ብር ለልጇ ላከችለት። «ጎንደር ነጋዴ እጅ ይገኛል ይላሉ፤ አጎትህን አማክረህ ግዛና በመኪና ላክልኝ» አለችው። እኔን አላማከረኝም። ነጋዴው እስኪገኝ ድረስ ገንዘቡ በስልኩ ውስጥ ሁለት ቀን ቆየ። በሦስተኛው ሌሊት 500 ብር አነሣ። ሊመልሰው ነበር። ከዚያ የተነሣውን ለመመለስ 1,000፣ ያን ለመመለስ ደግሞ 2,000። በሦስት ሌሊት 8,000ው ብር አለቀ። ልብ በሉ፤ ልጁ ቢያሸንፍ ኖሮ እንኳ የሚያገኘው ቺፕ ነው፤ ቺፕ ደግሞ ማዳበሪያ አይገዛም። ይህን እያወቀ ነው የተጫወተው። ደላላው አሸናፊዎች ቺፓቸውን መልሰው ለእርሱ በርካሽ እንደሚሸጡለት ነግሮት ኖሮ፣ በዚያች ቀዳዳ ተስፋ አድርጎ ነው።

የነገረኝ እህቴ ለሦስተኛ ጊዜ ደውላ «ወንድምዓለም፣ ማዳበሪያው የት ደረሰ?» ያለችኝ ዕለት ነው። ልጁ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተናገረ። ተቆጣሁ። አንድ አጎት የሚናገረውን ሁሉ ተናገርኩ። እርሱ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው የመለሰልኝ፦ «የመጀመሪያውን እኮ አንተ ነህ የሰጠኸኝ።» እውነት ተናገረ፤ እኔም ዝም አልኩ።

ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ስልኩን እወስድበት ጀመር። ጠዋት ስመልስለት ቀን ይጫወታል። በነፃው ስጦታ ነው ይላል፤ ዓይኑ ግን ሌላ ይናገራል። ይህን ሳስታምም ሐምሌ መጨረሻ ደረሰ። ያን ሰሞን በክልላችን ውጊያ ተቀሰቀሰ፤ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ጎንደርም የተኩስ ድምፅ ሰማች። የስልክ ኢንተርኔትም ተቋረጠ። በማግስቱ ልጁ ስልኩን ይዞ በረንዳው ላይ ቆሞ አየሁት። በስልኩ ላይ ያ አረንጓዴ ጠረጴዛ ሳይከፈት ክቡ ምልክት ብቻ ይዞራል፣ ይዞራል።

እኔም ደስ አለኝ።

ይህን ለመጻፍ ምን ያህል እንዳፈርኩ እግዚአብሔር ያውቃል። ኢንተርኔት መዝጋት የሕዝብን አፍና ጆሮ መዝጋት ነው ብዬ የምከራከር ሰው ነኝ። በትግራይ ጦርነት ጊዜ የወገኖቻችን ድምፅ ሲጠፋ ክፉ ሥራ ነው ብያለሁ። በራሴ ከተማ ሰው የዘመዱን ሞትና ሕይወት መጠየቅ ሲያቅተው፣ ነጋዴው ሲከስር፣ ተማሪው ሲያጣ፣ እኔ በልቤ «ቢያንስ ያ ጨዋታ ቆመ» አልኩ። ለካስ ሰው በአንድ ልጅ የተነሣ መርሁን ሊረሳ ይችላል። የክልከላ ሥልጣን በዓለም ዙሪያ ደጋፊ የሚያገኘው ከየት እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ፤ ከክፉ ሰዎች ብቻ ሳይሆን ልጃቸው ከታመመባቸው ወላጆች ጭምር ነው። ሕግ ባልሠራበት ቦታ ጨለማን የሚመርቅ ሰው ይበዛል። ዛሬም ቢሆን ሐሳቤ አልተለወጠም፤ መዝጋቱ ስሕተት ነበር። የልጁም ሱስ በመዝጋቱ አልዳነም። ወራት አልፎ መስመሩ ሲመለስ ጨዋታውም አብሮ ተመለሰ።

እንዲያውም ሲመለስ ነገሩ ብሶ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ከዚያ በፊት በ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። 5 ዶላር የሚባለው የቺፕ ጥቅል በባንክ ዋጋ ከ285 ብር ወደ 500 ብርና ከዚያም በላይ ወጣ ማለት ነው። ከቴክሳስ የሚጫወተው ሰው ግን የሚከፍለው ያችኑ 5 ዶላር ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ካርታ፣ አንድ ሕግ፤ ወንበሩ ግን ለአንዱ የአንድ ምሳ ዋጋ ነው፣ ለሌላው ከበግ ዋጋ የሚቆረጥ። ይህንንም ነው «ዓለም አቀፍ ውድድር» የሚሉት።

አሁን ወደ ፖለቲካው። አያቶቻችን ውድድርን አያውቁም አይባልም። በገና ጨዋታ ጌታና ሎሌ እኩል ሆነው ሲጋፉ፣ ሎሌው ጌታውን ቢመታ ጌታው እንዳይቆጣ የተለመደ ሥርዓት ነው። በሰንጠረዥም እንደዚሁ። በ1860 እ.ኤ.አ. ጎንደር አጠገብ ቆስሎ የሞተው የእንግሊዝ ቆንስል ፕላውደን ስለ እኛ ሰንጠረዥ ጽፎ አልፏል። ኋላም ሪቻርድ ፓንክኸርስት በሰፊው አጥንቶታል። በዚያ ጨዋታ የሁለቱም ወገን ሠራዊት እኩል ነው። ንጉሥን በኃይለኞቹ በደርና በፈረስ ማሸነፍ ብዙም አያስመሰግንም፤ በተራ እግረኞች ማሸነፍ ግን ያስጨበጭባል። ሠራዊቱ ሁሉ አልቆበት ራቁቱን የቀረ ንጉሥም አይገደልም። ስለዚህ ኃይለኛው የባላጋራውን ሠራዊት ጠራርጎ ቢጨርስ ድሉን ራሱ ያበላሻል። ይህን ሥርዓት ያወጡት ሰዎች የጦርነትን ጭካኔ ጠንቅቀው የሚያውቁ መኳንንት ነበሩ። ቢሆንም በጨዋታቸው ውስጥ የደካማውን ወንበር ጠብቀዋል።

እኛስ? በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ዋዜማ በቴሌቪዥን የታዩት ክርክሮች አገር ሁሉ ያስታውሳቸዋል። ለአፍታ ያህል ካርታው በእኩል የታደለ መስሎ ነበር። በ2002 ዓ.ም. ከ547ቱ የምክር ቤት ወንበር 545ቱን፣ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ 547ቱንም ገዢው ግንባርና አጋሮቹ ወሰዱ። ሰንጠረዥ የሚያውቁት አባቶች ይህን ቢያዩ ባላጋራው ራቁቱን የቀረበት ጨዋታ አሸናፊ የለውም ይሉ ነበር። በአገራችን ፖለቲካ አንዱ ወገን ሲሸነፍ ከመንግሥት ካዝና፣ ከመንግሥት መገናኛ ብዙኃን፣ ከጠመንጃ አዲስ ቺፕ እየገዛ ይመለሳል። ሌላው አንዴ ከተሸነፈ እስር ቤት፣ ስደት ወይም ጫካ ይገባል። ሁለተኛ ዕድል የሌለው ሰው ደግሞ ያለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይገፋል። ታችኛው ጠረጴዛ ላይ ብልኀት ዋጋ የሌላት ለዚህ ነው። ትዕግሥት የለንም ብለን ራሳችንን እንወቅሳለን፤ ትዕግሥት ግን ጠባይ ብቻ ሳይሆን ስንቅም ነው።

ገበሬውንም ተመልከቱ። የዳባት ገበሬ ከነጋዴው በችሎታ አያንስም። አንድ ክረምት ማዳበሪያ ሲያጣ ግን የሚመለስበት ሁለተኛ ክብሪት የለውም። ነጋዴው አንድ ዓመት ቢከስር በሚቀጥለው ይመለሳል። ከዚያ በኋላ «ጠንክሮ የሠራ ያልፍለታል» እያልን ለገበሬው ልጅ እንሰብካለን። የእህቴ ልጅ ይህን ስብከት ሰምቶ ያመነ ነው። ችሎታዬ ያወጣኛል ብሎ ነው የተቀመጠው።

ምን ይደረግ? ጨዋታ ይከልከል አልልም፤ ከልካይነቴ ምን እንደሚመስል ከላይ ነግሬአችኋለሁ። ነገር ግን በሕግ ሊጠየቁ የሚችሉ ነገሮች አሉ። የተገዛ ቺፕና የተገኘ ቺፕ ለየብቻ ይታዩ። የሚገዙ ሰዎች ጠረጴዛቸው ይለይ፤ የማይገዙትም እርስ በርሳቸው እኩል ሆነው ይጫወቱ። አንድ ሰው በወር የሚያወጣው ገንዘብ ጣሪያ ይኑረው፤ ጣሪያውንም ተጫዋቹ በሰከነ አእምሮው አስቀድሞ ይወስን። ዕድሜው ያልደረሰ ልጅ መግዛት አይችል። በስልክ ገንዘብ የሚነግደው ደላላም ቁማር አጫዋች መሆኑ ይታወቅ። ከሁሉ በፊት ግን እኛ ታላላቆች ለልጆቻችን ችሎታ ስንቅ ስንሰጥ በየትኛው ጠረጴዛ ላይ እንደሆነ አስቀድመን እንይ።

የዚያን ዓመት እህቴ ያለ ማዳበሪያ ዘራች፤ ገብሱም ሳስቶ ወጣ። ከደመወዜ ቆጥቤ 8,000ውን ብር በሁለት ጊዜ መለስኩላት። የመጀመሪያውን ተቀበለች፤ ሁለተኛውን «ለትምህርቱ ይሁነው» ብላ መለሰችው። መንገዱ ተከፍቶ ልጠይቃት በሄድኩ ጊዜ ስለ ጨዋታው አስረዳሁኝ። እስከ መጨረሻው አዳመጠችና «እና ገንዘቡን ከፍሎ ምን ገዛ? የሚበላ ነው? የሚለበስ ነው?» አለች።

«ሁለቱም አይደለም እትዬ። ከሰዎች ጋር ተቀምጦ የመጫወት መብት ነው።»

ጥቂት አሰበችና፣ «ይህንማ እዚህ በክብሪት ያገኘው አልነበር?» አለችኝ።

ልጁ ትምህርቱን ጨርሷል፤ ሥራ ግን ገና አላገኘም። ጨዋታውን ከስልኩ ላይ አጥፍቼዋለሁ ይላል፤ አምኜዋለሁ። ባለፈው የገና ሰሞን ዳባት ሄዶ ከጓደኞቹ ጋር ኮንከር ሲጫወት ነበር። 20ው እንጨቱ አልቆበት ሊቆሰቁስ ተነሣ አሉ።

ቸር ይግጠመን።